የኤልሳቤጥ እናት መርዶ

ከግምጃ ቤት ገጠር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሜላት፣

ከሰላምታዬ በፊት ወቀሳሽን ልመልስ። «ደብዳቤሽ ሁሉ ስለ ኤልሳቤጥ ሆነ፤ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ ፈረንጇ?» ያልሽውን አባትሽ ጮክ ብሎ እየደጋገመ አነበበውና ሳቀብኝ። ልጄስ አንቺ ነሽ። ግን አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ መድኃኒት ትሸጫለሽ፣ እሷ ደግሞ ካልጋሽ ላይ እየተኛች ጧት ማታ ከፊቴ ናት። ዓይን ያየውን ነው እጅ የሚጽፈው። ለመሆኑ ደህና ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። የስልኩ ታወር ከተበላሸ ወዲህ ጆሯችን አረፈ እንጂ ሌላ የሆንነው ነገር የለም።

ክፍሌን ምን አደረገችው ብለሽ ጠይቀሻል። ምንም አላደረገችው። ሣጥንሽን አልከፈተችም፤ ፎቶሽን ብቻ አቧራውን ትጠርግልሻለች። ቁመቷ ካልጋሽ ስለሚተርፍ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ነው የምትተኛው። ጧት ተነሥታ ከገበሬዎቹ ጋር የዘር ድንቹን ስትመርጥ ትውላለች። ማታ እጇ ጭቃ ሆኖ ትገባና እኔ ውሃ ሳስታጥባት «አመሰግናለሁ»፣ ፎጣ ሳቀብላት «አመሰግናለሁ»። በቤትሽ ማን ያመሰግናል ብያት ነበር። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ምን ትያታለሽ?

በቀለች ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ቀን ያዘቻት። «በጎ ፈቃደኛ ማለት ምንድን ነው? ደመወዝ የለሽም?» «የለኝም፣ ቀለብ ብቻ ነው።» «ታዲያ አገርሽ ምን አጥፍተሽ ነው?» ኤልሳቤጥ እስክትወድቅ ሳቀች። ሆላንድ ውስጥ ስሟ ሊስቤት መሆኑን እንኳ እኛው ረስተን እሷንም አስረስተናታል።

ያልወደደችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ትኩሳት ይዟት በሯን ዘግታ ተኛች። የሰፈሩ ሴት ሰምቶ መጣና ክፍሉ ሞላ። በቀለች ከእግሯ ሥር፣ ሌላው ካልጋው ጠርዝ። በዓይኗ ጠራችኝና «እማ ማናለብሽ፣ እባክዎ ብቻዬን ልሁን» ብላ ለመነችኝ። «ልጄ፣ ብቻውን የሚሆን የሞተ ሰው ነው፤ እሱም እስኪቀበር ሰው አይለየውም» አልኳት። ግድግዳውን ዞራ ተኛች። እኛም አልወጣን።

እንዲያም ሆና እድር ገብታለች። መሳፍንት ሊቀ መንበራችን «አንቺ አገርሽ ሄደሽ ነው የምትሞቺው፣ እድር ምን ያደርግልሻል?» ቢላት «ለሌላ ሰው ልቅሶ ወንበር እሸከማለሁ» አለችው። እውነትም ትሸከማለች፤ ከወንዶቹ እኩል።

እናቷ ሪያ እንደታመሙ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኤልሳቤጥ ኔትወርክ ፍለጋ እንጅባራ ድረስ ሄዳ ትደውልላቸዋለች። ስትመለስ «እናቴ ሰላም ብላዎታለች» ትለኛለች፤ እኔም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላምታዬን አስይዛታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንተያይ ወዳጅ ሆነናል። የላኩልኝን የሱፍ ካልሲ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አደርገዋለሁ፤ ካህኑ ሳይቀሩ ያዩታል።

የበቀለች ልጅ ፋና ጥር 12 ትዳራለች። ኤልሳቤጥ ሚዜ ናት። ለቁመቷ የሚበቃ ቀሚስ ጠፍቶ ከታች ጥለት ቀጠልንበት። ከቻልሽ ለሠርጉ ድረሺ፤ አልችልም የሚል ደብዳቤ ግን አትላኪብኝ።

እናትሽ ማናለብሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ኤልሳቤጥ አጠገብሽ ካለች አጥፈሽ መቀነትሽ ውስጥ ክተቺው።

ትናንት ማታ የኤልሳቤጥ ወንድም ከሆላንድ ደወለልኝ። ታወሩ ከተበላሸ ወዲህ አንድ ነገር ቢፈጠር ብላ የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነው። እናታቸው ትናንት አርፈዋል። በሽታው ድንገት ጠናባቸው እንጂ እሱም አልጠበቀም ነበር። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮብኝ፣ አይዞህም ያጽናህም ማለት አቅቶኝ «እሺ፣ እሺ» ስል ዘጋው። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ቶሎ ንገሯት፣ ትደውልልኝ።

የግምጃ ቤቱ ባለሱቅ የምህረቴ የመስመር ስልክ ይሠራል። ግን እንዴት ብዬ ለእሱ ልንገረው? አፉ ወፍጮ ነው። እሷ ሳትሰማው ገበያው ይሰማዋል። ስለዚህ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለእንግዳው ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ እጅሽ ይገባል።

ለሠርጉ አልመጣም። የሥራ ተራዬ ሆነብኝ። ባልመጣም ይሻላል መሰለኝ፤ ፊቷን አይቼ ዝም ማለት የምችል አይደለሁም።

እባክሽ ቶሎ ንገሪያት። አንቺ ታውቂበታለሽ።

ሜላት


ጥር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት

ልጄ ሜላት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። አላለቀስኩም። ማልቀስ ፈርቼ ነው፤ ዓይኔ ቢቀላ ምን ሆኑ ትለኛለች። ሽንኩርት ነው ብላት እኔ ልላጥልዎ ብላ ቢላውን ትቀማኛለች።

ቶሎ ንገሪያት ትያለሽ። እንዴት አድርጌ? ዛሬ ከተራ ነው። ነገ ጥምቀት፣ ከነገ ወዲያ የፋና ሠርግ። ታቦት ወጥቶ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ሚዜዋን ለብቻ ጠርቶ እናትሽ ሞተች የሚል ሰው የት አገር አለ? ፋናስ ጎጆዋን በልቅሶ ትጀምር? ደግሞ መርዶ እንደ ወሬ ከመንገድ አይጣልም። እንቅልፏን ትጠግብና፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌውም ሴቱም ተሰብስበን፣ ከበናት፣ ይዘናት ነው የምንነግራት። ቅልቅሉ ማክሰኞ ያልቃል። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ይሆናል። ነገ ቅዳሜ ቢሆንም ለበዓሉ መኪና ስለሌለ ልትደውል እንጅባራ አትሄድም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ምንስ ያስቸኩለናል? ነፍሳቸውን ይማርና እናትዮዋ አፈር ለብሰዋል። የሚደረስበት ቀብር ቢኖር እኮ ታቦቱም ሠርጉም አይይዘኝም፤ በሌሊት በፈረስ እሸኛት ነበር። አሁን ግን የቀረው ልቅሶ ብቻ ነው። ልቅሶ ደግሞ አይሸሽም።

ለአባትሽና ለመሳፍንት ነግሬያለሁ። ለበቀለችም ልነግራት ግድ ሆነ፤ አልቃሽ ያለ እሷ የለንም። በልጇ ሠርግ ዋዜማ ይህን ስለጫንኩባት ይቅር ትበለኝ። ሰምታ «እስከ ረቡዕ ድምፄን እቆጥባለሁ፤ ለሠርጉም አልዘፍን» አለች።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ኤልሳቤጥ ከሴቶቹ ጋር ደጅ ቁጭ ብላ የሠርጉን ቀሚሷን እያየች ትስቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ስደውል እናቴ ፎቶ ላኪልኝ ብላኛለች፣ ከነቀሚሴ አንሡኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ልማዱም ሠርጉም እንዳለ ሆኖ፣ ሌላም ነገር አለኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ዕድሜዋን ሙሉ እናት የሌላት ልትሆን ነው። እስከ ረቡዕ እናት ያላት ልጅ ሆና ትጨፍር። ይህን ያህል ከእኔ እጅ ታግኝ ብዬ ነው። ክፉ አደረግሁ እንዴ?

እናትሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.

እማዬ፣

አልተቀበሩም! እናትዮዋ አልተቀበሩም!

ደብዳቤሽን ያገኘሁት ዛሬ ነው፤ ለበዓሉ አውቶቡስ አልነበረም። አንብቤው ሳልጨርስ ወንድምየው ደወለ። «እህቴ የት ደረሰች? ቀብሩ ሐሙስ ጧት ነው» አለኝ። የምን ቀብር ብዬ ጮህኩበት። ለካ በእነሱ አገር ሰው እንደ ሞተ አይቀበርም፤ በረዶ ቤት አድርገው ዘመድ እስኪሰበሰብ ሳምንት ያቆዩታል። ከሐሙስ ወዲያ ግን ሕጉ አይፈቅድም፣ ማቆየት አልችልም ይላል። እኔም እንደ አንቺው ቀብሩ በማግሥቱ ያለፈ መስሎኝ ነው እንጂ መቼ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አዲስ አበባ መኖር ምን አስተማረኝ?

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ለምህረቴ ደወልኩ። አይነሣም፤ እሱም ሠርጋችሁ ላይ ይሆናል። ይህን ለሹፌሩ ለእንግዳው ሰጥቼ እንጅባራ ሲደርስ ሰው በፈረስ እንዲልክልሽ ለምኜዋለሁ።

ሠርግም ቢሆን፣ መሽቶም ቢሆን፣ ስታነቢው ወዲያው ንገሪያት። ረቡዕ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ከወጣች ትደርሳለች። የላካት ድርጅት ቲኬቱን አዘጋጅቷል።

ሜላት


ጥር 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሜላት፣

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከጧት ጀምሮ ከደጅ ነኝ። እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አሁን ይሆን የሚያወጧቸው፣ ወይስ አሁን? ደርሳ ይሆን?

የሆነውን ሁሉ ልጻፍልሽ። ማክሰኞ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ቅልቅሉ ገና አልተበተነም። በዚያ ሰዓት መኪና የለም። ያኔውኑ ብነግራት ሌሊቱን ከጨለማ ጋር ተፋጥጣ ልታድር ነው። እንቅልፉን እንኳ ታግኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሌሊቱን እኔ አልተኛሁላትም።

ጎህ ሲቀድ ገባን። መሳፍንት ፊት፣ እኛ ኋላ። ገና ሲያንኳኳ «ማን ሞተ? ወንበር ላምጣ?» ብላ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። መሳፍንት አስቀመጣትና «ልጄ፣ ዛሬ ወንበር የምናመጣው እኛ ነን። እናትሽ አርፈዋል» አላት።

አልጮኸችም። ተነሥታ በሩን አየች። በሩ ሰው ነው፣ ደጁ ሰው ነው። መሄጃ ስታጣ ተመልሳ ጭኔ ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ነው የወጣላት። በቀለች አጠገቧ ተቀምጣ «እናትሽ ምን ይወዱ ነበር? ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ገበያ ላይ አበባ ይሸጡ እንደነበር፣ ዝናብ ቢዘንብ ንፋስ ቢነፍስ በብስክሌት ይሄዱ እንደነበር ነገረቻት። በቀለች በአውኚ ቋንቋ ሙሾውን አወረደችው። ፈረሷ ብረት ነበር፣ በዝናብ የምትጋልበው፣ ከእቅፏ አበባ የማይጠፋው፣ ልጇን ለእኛ የሰጠችን እያለች ቤቱን አራደችው። አውኚ የማያውቀው ሁሉ አለቀሰ። እኔም ለሪያ እንደ እህቴ አለቀስኩ፤ ካልሲያቸውን አድርጌ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ቀብሩ ነገ ነው የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ይለቀስ፣ ይውጣላት፣ እህል ትቅመስ፣ ከዚያ ይነገራታል አልኩ። ስነግራት ፀሐይ ወጥታለች። ፊቷ ተለወጠ። «አልተቀበረችም? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

አባትሽ ፈረሱን ጭኖ አፈናጠጣት። ከግምጃ ቤት የጧቱ ሚኒባስ ወጥቶ ስላገኙት እስከ እንጅባራ በፈረስ ነው የወሰዳት። ጋቢዬን ደርቤላት ነበር፤ አልጣለችውም። ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ጻፊልኝ።

እናትሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

እማዬ፣

ኤልሳቤጥ በሰላም ተሳፍራ ሄዳለች። ቦሌ ድረስ ሸኝቻታለሁ። ጋቢሽን እንደደረበች ናት። አገሯ መግባቷንም ወንድሟ ነግሮኛል። ሥራ ስለበዛብኝ ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አባዬን ሳሚልኝ። አታስቢ።

ሜላት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

እማዬ፣

የላክሻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ልጽፈው አቅቶኝ ነው።

አልደረሰችም። አባዬ እንጅባራ አድርሷት፣ በሚኒባስ ባሕር ዳር ስትገባ አውሮፕላኑ ሄዷል። እዚያው አድራ ሐሙስ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ወንድሟ ቀብሩ ማለቁን በስልክ ነገራት። ላቅፋት ስል «ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ እኔ እጨፍር ነበር» አለችኝ። ይህንኑ ብቻ ተናግራ ገባች። ይህን እንዴት አድርጌ እጽፍልሽ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ ነበር። ትናንት ግን በስልኬ መልእክት ላከችልኝ፤ ለአንቺ ነው። በአማርኛ ራሷ ነው የጻፈችው። ስልክሽ ስለማይሠራ ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦

«ለእማ ማናለብሽ። እንደምን ነዎት? ባለቤትዎ ጋሽ አበረስ ደህና ናቸው? ሲጠየቁ ደህና ነኝ ማለትን ከእርስዎ ተምሬያለሁና ደህና ነኝ።

ብዙ ቀን ተቆጥቼ ነበር። አልደብቅዎትም። የፋና ሠርግ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ። እኔ መሃል ላይ እስክስታ እመታለሁ፣ ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ፣ እርስዎ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴን ሳልቀብር ያስጨፈሩኝ ሰዎች እያልኩ አለቀስኩ።

ወንድሜ ቁልፉን ሰጥቶኝ የእናቴ ቤት ገባሁ። ወንበሮቹን ሁሉ ሳሎን አውጥቼ ደረደርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። በፖስታ ካርድ መጣልኝ፤ ቆንጆ ቆንጆ ካርድ፣ ጥሩ ጥሩ ቃል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እዚህ አገር ሐዘንተኛ የሚከበረው ብቻውን ሲተዉት ነው። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ግን ያ ሁሉ ባዶ ወንበር አስፈራኝ።

ያኔ በቀለች ትዝ አለችኝ። ከልጇ ቅልቅል ማግሥት፣ ሳትተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ላላየቻት ለእናቴ ብስክሌት ያለቀሰችው። እማ ማናለብሽ፣ እናቴ የተቀበረችው እዚህ ነው፤ የተለቀሰላት ግን እዚያ ነው።

ቀብሩ አሁንም ይቆጨኛል። ይቅር ብዬዎታለሁ ስል ቁጭቱ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም አብረው አሉ። አንድ ነገር ልለምንዎት። የእርስዎ ቀን ሲመጣ፣ ይቆይና፣ ለእኔ በስልክ እንዳይነገረኝ። ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ ማንም ሳይይዘኝ እንዳልሰማው። ሰው ይላኩልኝ። እንደዚያን ቀን ጧት ይሁንልኝ።»

የጻፈችው ይህን ነው። ስለ ሞትሽ የሚያወራ ነገር በእጄ መገልበጥ እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቂኝ። ሆላንድ ድረስ ማንን እንልካለን? ምን ብዬ ልመልስላት?

ሜላት


የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሜላት፣

ገና ሳልሞት መርዶዬን ተማከራችሁበት! አባትሽ «እድራችን አሁን ሆላንድም ቅርንጫፍ ከፈተ» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ፈረሱን አያለሁ ብሎ ወጥቶ ብዙ ቆየ። አይዞሽ፣ ደህና ነኝ። ጾሙ ገብቷል፣ እሱ ያደክመኛል እንጂ።

አልደረሰችም የሚለውን ሳነብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቀን እናት የሰጠኋት መስሎኝ የእናቷን ፊት ነሥቻታለሁ። ይቅር ብትለኝም ይህ ከእኔ ጋር ይኖራል። አንቺም መደበቅሽን አልነቅፍም፤ ከማን ተማርሽው ብዬ ልንቀፍሽ?

ያቺ መልእክት ግን ለሰፈሩ ሁሉ ተነብባለች። በቀለች ደግመሽ አንብቢልኝ ብላኝ፣ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮች ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ ተነሥታ «እኔ በሄድኩ! መንገዱ ቢታወቅ በሄድኩ!» እያለች ደረቷን መታች። መሳፍንትም እንዴት አንድ ሰው አልመጣም እያለ እስከ ዛሬ ይብከነከናል።

አሁን ለኤልሳቤጥ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ። አንድም ቃል እንዳትቀንሺ።

ልጄ ኤልሳቤጥ፣ ልመናሽን ሰምቻለሁ፤ በስልክ አይነገርሽም። ግን ከዚህ ሰው አልልክልሽም። መርዶ የሚነግር ሰው ከሩቅ አይመጣም፤ በደህናው ቀን ከቅርብ ነው የሚበጀው። ያን ካርድ የላኩልሽን ሰዎች ቤታቸው ሄደሽ አንኳኪ። ካርድሽ ደርሶኛል በያቸውና ግቢ፤ ግቢ ባይሉሽም ግቢ። የታመመ ካለ ከእግሩ ሥር ተቀመጪ። የሞተበት ካለ ወንበር ተሸክመሽ ሂጂ። መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ይለምዱታል። ሰው ሲሉት ሰው ነው፣ በየትም አገር።

ብዙ አያስፈልግሽም፤ ሦስት ይበቃል። አንዱ የሚናገር፣ አንዱ የሚይዝሽ፣ አንዱ ውሃ የሚያቀብልሽ። ስታገኚያቸው ስማቸውን ለሜላት ላኪላት። ቀኑ ሲደርስ ሜላት ለእነሱ ትነግራለች፣ እነሱ ጎህ ሲቀድ በርሽን ያንኳኳሉ።

ስማቸው እስኪደርሰኝ አልሞትም። ግን እንደ እኔ አትዘግዪ፤ ጉልበቴን ያመኛል።

እናትሽ ማናለብሽ